ስህተት ስም ሲያገኝ

በእንግሊዝኛ ውስጥ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች ሰምተዋቸው የማያውቁ፣ ሥራቸው ስለ ቃላት መናገር ብቻ የሆነ ቃላት አሉ። ማላፕሮፒዝም፣ ስፑነሪዝም፣ ሞንደግሪንና ኤግኮርን ከእነዚህ ይመደባሉ። አራቱም የአንደበት ወይም የጆሮ ስህተት መጠሪያዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚነሱት ለጨዋታ ማድመቂያ ነው፤ ይህ ግን ያሳንሳቸዋል። በተወለዱበት ቅደም ተከተል ላያቸው ሰው፣ ለስህተት የሚሰጠው ግምት እንዴት እንደተለወጠ ይናገራሉ። በመጀመሪያ ስም የሚወጣው በተሳሳተው ሰው ለመሳቅ ነበር፤ እየቆየ ስህተቱን ራሱን ለማዳመጥ ሆነ።

ማላፕሮፒዝም የመጣው ከቲያትር ነው። ሪቻርድ ብሪንስሊ ሸሪዳን በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ባሳዩት «ዘ ራይቨልስ» በተባለ ኮሜዲ ሚስስ ማላፕሮፕ የምትባል ሴት አለች። ስሟ «ያለ ቦታው» ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። የተማረች ለመምሰል ከባድ ከባድ ቃል ትመርጣለች፤ ከአፏ የሚወጣው ግን በድምፅ የሚቀራረበው ሌላ ቃል ነው። አሊጌተር የሚባለውን የአዞ ዘመድ ልትጠራ ፈልጋ አሌጎሪ ትላለች፣ ምሳሌያዊ ትረካውን በዓባይ ዳር ታስቀምጠዋለች። ታዳሚው የሚስቀው ከዐቅሟ በላይ በተንጠራራች ሴት ነው፤ ቃሉም ያንን ንቀት ይዞ ነው መዝገበ ቃላት የገባው። ስፑነሪዝምም የተጀመረው በሳቅ ነው። ከ1903 እስከ 1924 የኦክስፎርዱን ኒው ኮሌጅ የመሩት ቄስ ዊልያም አርቺባልድ ስፑነር የሁለት ቃላትን መነሻ ድምፅ ያቀያይራሉ ይባል ነበር፤ በአማርኛ «ቡና ጠጣን» ሊል የፈለገ ሰው «ጡና በጣን» እንደሚለው ማለት ነው። የእሳቸው እየተባለ ከሚወራው አብዛኛው ሌሎች የፈጠሩት ነው፤ ስሙ ግን በዚያው ጸና። ይህ መሳቂያ ወደ ማስረጃነት የተሸጋገረው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ በነበሩት በቪክቶሪያ ፍሮምኪን እጅ ነው። ፍሮምኪን የአንደበት ስህተቶችን ሰብስበው በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ስህተቱ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ። የመነሻ ድምፅ በአብዛኛው የሚቀያየረው ከመነሻ ድምፅ ጋር ነው፤ የሚወጣው የተሳሳተ ቃል እንኳ የቋንቋውን የድምፅ አደራደር ሕግ አይጥስም። ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ነገር ነው። የሁለተኛው ቃል ድምፅ ዘሎ ወደ መጀመሪያው ከገባ፣ አእምሮ ሁለተኛውን ቃል ተራው ሳይደርስ አሰናድቶ ይዞት ነበር ማለት ነው። ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን የንግግር ዝግጅት ያጋለጠው ስህተቱ ነው።

ሞንደግሪን የጆሮ ስህተት ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሲልቪያ ራይት በ1954 በሃርፐርስ መጽሔት እንደጻፉት፣ ልጅ ሳሉ እናታቸው ስለ አንድ የስኮትላንድ መስፍን መገደል የሚተርክ ጥንታዊ ግጥም ያነቡላቸው ነበር። ገዳዮቹ መስፍኑን በሣር ላይ አጋደሙት የሚለው ሐረግ በጆሯቸው ሌላ ሆኖ ገባ፤ ሌዲ ሞንደግሪን የምትባል ወይዘሮ አብራው እንደሞተች ሰሙ። ያልነበረችው ወይዘሮ ስም የእንዲህ ያለ መሳሳት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እዚህ ላይ የሚሳቅበት ሰው የለም፤ ያወጡት ስም የራሳቸው የራይት ስህተት ነው፣ የሰሙትንም ከትክክለኛው አብልጠው ይወዱት ነበር። ኤግኮርን ደግሞ ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ የኦክ ዛፍ ፍሬ ኤኮርን ይባላል። ይህን «ኤግ ኮርን»፣ ማለትም እንቁላልና ፍሬ ብሎ የሚጽፍ ሰው ተገኘ፤ ፍሬው ቅርጹ እንቁላል ይመስላልና አስቦበታል። በ2003 የቋንቋ ሊቃውንት በነገሩ ሲወያዩ፣ ጄፍሪ ፑለም ለዚህ ዓይነቱ ስህተት መጠሪያው ራሱ ኤግኮርን ይሁን አሉ። እኔ ከአራቱ የማስበልጠው ይህን ነው፤ በተሳሳተው ሰው ውስጥ የሚሠራ አእምሮ እንዳለ የመሰከረ ስም ነውና።

ነገሩ ያለ ስምም ነበር፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ቃል ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ነገሩ በእርግጥ ነበር፤ አይታይም ነበር እንጂ። ስለ ስህተት ያልሆነ ሌላ ቃል ልጥቀስ፤ ሬትሮኒም ይባላል። አዲስ ነገር ሲመጣ ለነባሩ የሚወጣለት ስም ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር እስኪመጣ ድረስ አኩስቲክ ጊታር የሚባል አልነበረም፤ ጊታር ብቻ ነበር። ስያሜውን ያወጡት ጋዜጠኛው ፍራንክ ማንኪዊዝ ናቸው፤ ያሰራጩት ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምሱ አምደኛ ዊልያም ሳፋየር። ይህን ስም ያወቀ አማርኛ ተናጋሪ «የሐበሻ ዶሮ»ን እንደ ቀድሞው አይሰማትም። የፈረንጅ ዶሮ እስክትመጣ ዶሮ ዶሮ ብቻ ነበረች፤ «የሐበሻ ጎመን»ም እንደዚሁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ስህተትን ማክበር ቋንቋን ማበላሸት ነው ይባላል። የእንግሊዝኛ ታሪክ ግን ይህን ፍርሃት አያጸናም። ሽርጥ በእንግሊዝኛ ዛሬ ኤፕረን ነው፤ ቀድሞ ናፕረን ነበር። ከስም በፊት የሚገባው «ኤ» በአናባቢ ፊት «አን» ስለሚሆን፣ «ኤ ናፕረን» ሲባል ሰሚው «አን ኤፕረን» ብሎ ከፈለው። ዴንማርካዊው ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1914 ይህን ሜታናሊሲስ ብለው ሰየሙት። ሙሽራውን የሚጠራው ብራይድግሩምም እንዲሁ ነው። በጥንት እንግሊዝኛ የኋለኛው ክፍል «ሰው» የሚል ፍቺ የነበረው ጉማ ነበር፤ ጉማ ሲረሳ ተናጋሪው ትርጉም ፍለጋ «ግሩም»ን፣ ያኔ አሽከር ማለት የነበረውን፣ በቦታው ተካ። ዛሬ ሁለቱንም ስህተት ናቸው ብሎ የሚያርም የለም።

ይህ ሲባል መታረም ቀረ ማለት አይደለም። መምህር ማረም አለበት፤ ስሞቹም ምን እንደሚያርም ይነግሩታል። ማላፕሮፒዝም የፈጸመው ተማሪ የሁለቱ ቃላት ፍቺ ተለይቶ እንዲነገረው ይፈልጋል። ሞንደግሪን የሰማው የተጻፈውን ቢያሳዩት ይበቃዋል። ስፑነሪዝም የወጣው ምንም የሚማረው የለም፤ ትክክለኛውን ያውቀዋል፣ ምላሱ ነው የቀደመው። ኤግኮርን የጻፈው ደግሞ ቃሉ የትኛውን ነገር እንደሚጠራ በሚገባ ተረድቷል፤ የቀረው አጻጻፉ ብቻ ነው።