የበረዶ ላይ ረዳት

በአገራችን በረዶ የምንለው በክረምት ከዝናብ ጋር እየወረደ የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር መሳይ ነገር ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ የሚወርድ፥ ተራራውንና ሜዳውን ለወራት ሸፍኖ የሚቈይ ሌላ ዓይነት በረዶ አለ። የዚያ አገር ሰዎች ስኪ የሚባለውን ረጅምና ጠፍጣፋ መንሸራተቻ ከጫማቸው ጋር አስረው በዚህ በረዶ ላይ ይሄዳሉ። ጨዋታው ጕልበትንና ሚዛን መጠበቅን የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ዐይኑ የማያይ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ሊሞክረው የሚችል አይመስልም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሞክረው ችለውታል። እንዴት እንደ ቻሉና በፈቃዳቸው የሚረዷቸው ሰዎች ሥራ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወጣቶችን እግር አሳጥቶ ነበር። ከእነርሱም መካከል በተራራማ አገር ያደጉት ከልጅነታቸው የለመዱትን ጨዋታ መተው አልፈለጉም። ጦርነቱ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1948፥ ባድጋስታይን በተባለች የኦስትሪያ ከተማ የአካል ጉዳት ያለባቸው 17 ሰዎች በስኪ ተወዳደሩ። በ1964 ደግሞ ኤርሊንግ ስቶርዳል የተባለ ዐይነ ስውር ኖርዌያዊ፥ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከሚያዩ መሪዎች ጋር የሚሮጡበትን «ሪደርሬነት» የተባለ ውድድር በአገሩ መሠረተ። ይህንኑ አርኣያ በመከተል፥ በአሜሪካ ይኖር የነበረው የኖርዌይ ተወላጅ ኦላቭ ፔደርሰን በ1975 «ስኪ ፎር ላይት» የተባለውን ዝግጅት በኮሎራዶ አስጀመረ። በሚቀጥለውም ዓመት፥ በ1976፥ የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ በስዊድን ተደረገ።

ለዚህ ሁሉ በመጀመሪያ ያስፈለገው ለሰውየው የሚስማማ መሣሪያ ነው። አንድ እግር ያለው ሰው በአንድ ስኪ ላይ ቆሞ፥ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ስኪ የተገጠመላቸውን ሁለት ምርኩዞች በእጁ ይይዛል። እግሮቹ የማይንቀሳቀሱለት ሰው ደግሞ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ስኪ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ወንበር የመንገዱን ጕድባ የሚያለዝብ ሞላ አለው። ዐይነ ስውሩ ግን ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የታመነ ድምፅ ነው።

የመሪው ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል። በሜዳማ ስፍራ ሁለት ጥንድ የስኪ መሄጃ መስመሮች ጐን ለጐን በበረዶው ላይ ይቀደዳሉ፤ ዐይነ ስውሩ በአንዱ፥ መሪው በሌላው ይሄዳሉ። መሪው «ቍልቍለት መጣ፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አሁን ሜዳ ነው» እያለ ይናገራል። አደጋ ከፊት ሲመጣ ግን ረጅም ንግግር አይጠቅምም። አስቀድመው የተስማሙበትን አንድ ቃል፥ ለምሳሌ «ተቀመጥ!» ብሎ ይጮኻል፤ ዐይነ ስውሩም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ወዲያው በረዶው ላይ ቍጭ ይላል። ስለዚህ መሪው ሐሳቡን ሊበትን፥ ወይም መናገር ባለበት ጊዜ ዝም ሊል አይችልም። ዝምታው ለዐይነ ስውሩ መንገድ መጥፋት ነው። በፓራሊምፒክ ውድድር ዐይነ ስውሩ ሜዳልያ ሲያገኝ መሪውም አብሮ የሚሸለመው በዚህ ምክንያት ነው።

በወንበር ስኪ የሚሄደውን ሰው የሚረዳ ፈቃደኛም ልዩ ልዩ ጥንቃቄ ይኖርበታል። አከርካሪው የተጐዳ ሰው እግሩ ብርድ ሲመታው ላይሰማው ስለሚችል፥ ልብሱና ጫማው በሚገባ መሸፈኑን አብሮ መመልከት ያስፈልጋል። ለጀማሪም ከወንበሩ በስተኋላ ጠፍር ታስሮ፥ የሠለጠነ ረዳት ይዞት ከኋላ ይከተላል። ጀማሪው መታጠፍና መቆም ሲለምድ ረዳቱ ጠፍሩን ያላላዋል፤ በመጨረሻም ጨርሶ ይፈታዋል። እንግዲህ የዚህ ረዳት ሥራ መልካም መሆኑ የሚታወቀው እርሱ የማያስፈልግበት ቀን ሲደርስ ነው።

የዚህ ርዳታ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንዳንድ ሰው ርዳታ ሲባል የሰውየውን ሥራ ሁሉ ሠርቶለት መመለስ ይመስለዋል። በበረዶ ላይ ግን ይህ አይሆንም፤ ዐይነ ስውሩን ተሸክሞ ተራራ የሚያወርደው ሰው ስኪ አላስተማረውም። ረዳቱ የጐደለውን አንድ ነገር፥ ማየትን ወይም ሚዛንን፥ ብቻ ይሰጣል። ድካሙ፥ ፍርሃቱና ደስታው የባለቤቱ ናቸው። የወደቀውንም ለማንሣት ከመሮጥ በፊት «ላግዝህ ወይ? በየት በኩል ልያዝህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የወደቀው ራሱ መነሣት ይችላልና።

በከተማችን ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የለም፤ ነገር ግን መሪነቱ በረዶ አያሻውም። መንገድ ለመሻገር የቆመን ዐይነ ስውር ሳንጠይቀው ክንዱን አፈፍ አድርገን መጐተት ልማዳችን ነው። ከዚያ ይልቅ አስቀድመን ሰላምታ ሰጥተን «ልሻገር ትላለህ?» ብንለው፥ ከፈቀደም ክንዳችንን እርሱ እንዲይዝ ብናደርግና ከፊት ያለውን ጕድጓድ ብንነግረው የተሻለ ነው። ለማየት የተሳነው የክፍል ጓደኛችን መጽሐፍ ስናነብለትም እንዲሁ ነው፤ እኛ የምናነበው ቃሉን ነው፥ ሐሳቡንና መልሱን ለእርሱ እንተውለት። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ሥልጣንም አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ሰዓትና የማያቋርጥ ታማኝነት ይበቃል።