የዱር አራዊት ድጎማና የአገሬው ድርሻ

በሾላ ገበያ ቆሞ ወደ ሰሜን አሻቅቦ ለተመለከተ ሰው የእንጦጦ ጋራ ይታየዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የዚህ ጋራ ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈረጠ፤ ድኩላውም መጠጊያ አጣ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ሆኖም ከጥላው ሥር ሣርና ቍጥቋጦ እምብዛም ስለማይበቅል ለአራዊት የጥንቱን ዱር አልተካላቸውም። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ 1,300 ሔክታር በሚሆን መሬት ላይ የአገሩን ዛፍ መልሶ መትከል ጀመረ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስብ አገረ ገዢም ሆነ ባለይዞታ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ድጎማ የሚሰጥ መንግሥት ብዙ ጊዜ ተቀባዩም የራሱን ድርሻ እንዲያወጣ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ በ1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፥ ከጠመንጃና ከጥይት ቀረጥ የተሰበሰበው ገንዘብ ለአራዊት ጥበቃ ሲሰጥ የማዕከሉ መንግሥት ከመቶው እስከ 75 ይከፍላል፤ የቀረውን 25 ክፍለ ግዛቱ ይሸፍናል። ክፍለ ግዛቱም አስቀድሞ ከራሱ አውጥቶ ይሠራል፤ ሒሳቡን ሲያቀርብ ገንዘቡ ይተካለታል። ስለዚህ በእጁ ገንዘብ ያላዘጋጀ ሰው ሥራውን ሊጀምር አይችልም።

በስሌቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 25ቱ የሚታሰበው ከጠቅላላው ወጪ እንጂ ከድጎማው አይደለም። እንዲህ ባለው ደንብ 300,000 ብር ድጎማ የሚፈልግ ሰው 75,000 ሳይሆን 100,000 ብር ማዘጋጀት አለበት፤ ጠቅላላው ወጪ 400,000 ብር ነውና።

ድርሻው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ ደንቡ ከፈቀደ የሰው ጉልበት፥ ችግኝና መሣሪያም ይቈጠራል። ነገር ግን የሠራተኛው ስምና የሠራበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ የአካፋና የዶማው ዋጋም እንደ ሾላ ባለው ገበያ በሚሸጥበት ልክ እንጂ በግምት አይቀመጥ። አንዱን የሥራ ቀን ለሁለት ድጎማ መቍጠር ማጭበርበር ነው።

ጊዜውም ይታሰብ። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በሐምሌ የሚተከለው ችግኝ ግን በበጋ ተፈልቶ ውሃ እየጠጣ መቈየት አለበት። ስለዚህ የችግኝ ጣቢያው ወጪ በቀደመው ዓመት በጀት ካልተያዘ ክረምቱ በከንቱ ያልፋል።

ከሁሉ በላይ ሁለት ወጪዎች እንዳይዘነጉ። አንደኛው ከጋራው ማገዶ ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሴቶች ጉዳይ ነው፤ ዱሩ ሲከለል እንጀራቸው ይቋረጣልና ሌላ መተዳደሪያ በበጀቱ ይግባላቸው፤ አለዚያ ችግር አስገድዷቸው ተመልሰው መቍረጣቸው አይቀርም። ሁለተኛው የዘበኛው ደመወዝ ነው፤ ድጎማው በተወሰነ ዓመት ያልቃል፥ ጽዱ ግን ለማደግ ብዙ አሥር ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ድጎማው ባለቀ ማግስት ለዘበኛው ማን እንደሚከፍል በወረዳው በጀት ሳይጻፍ ውሉን መፈረም አይገባም።