ደመወዝ የሌለው የውድድር ዓመት፦ የጎልፍ ቱር ከወሎ ሲታይ

ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ስኮቲ ሼፍለር በጆርጂያ ግዛት በሚገኘው ኦገስታ ናሽናል ሜዳ የማስተርስ ውድድርን አሸንፎ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በማግስቱ ሰኞ ሲሳይ ለማ የቦስተን ማራቶንን ከመነሻው ጀምሮ እየመራ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲጨርስ የአንደኝነት ሽልማቱ 150 ሺህ ዶላር ነበር። ገንዘቡ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ እንጂ የሁለቱ ሰዎች ኑሮ ይመሳሰላል። የጫማና የመሣሪያ ኩባንያዎች ውል እንዳለ ሆኖ፣ ሁለቱም የሚኖሩት በክለብ የወር ደመወዝ አይደለም። በውድድሩ ቀን ባመጡት ደረጃ ይበላሉ።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዲኤስቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ በእንግሊዝ ኳስ ይጨናነቃሉ። እዚያው ዲኮደር ውስጥ ያለውን የጎልፍ ቻናል ግን የሚከፍት የለም ማለት ይቻላል። አይፈረድባቸውም። አራት ቀን የሚፈጅ፣ ተጫዋቹ ኳስ ከሚመታበት ይልቅ በእግሩ የሚሄድበት ሰዓት የሚበዛ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ከጨዋታው ይልቅ ከጀርባው ያለው የገንዘብና የማጣሪያ አሠራር ይስበኛል። ይህን አሠራር ለመረዳት ደግሞ ከኳስ ሊግ ይልቅ ከሯጮቻችን ሕይወት መነሳት ይሻላል።

ቱር የሚባለው ከሜዳ ሜዳ እየዞረ የሚካሄድ የውድድር ዓመት ነው። ሐሙስ ጠዋት ይጀመራል፤ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በአራት ቀን 72 ጉድጓድ ይጫወታሉ። ኳሷን በጥቂት ምት ከጉድጓድ ጉድጓድ ያደረሰ ያሸንፋል። ዋናው ጭንቀት ያለው ግን እሑድ ሳይሆን ዓርብ ማታ ነው። በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር መደበኛ ሳምንት ከመቶ በላይ ተጫዋቾች ይጀምሩና ከሁለት ቀን በኋላ 65ቱ ምርጦች፣ ከ65ኛው ጋር እኩል ምት ካላቸው ጋር፣ ይቀጥላሉ። የተቀሩት ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና ቦርሳ የሚሸከምላቸውን የካዲውን ሒሳብ ከኪሳቸው ከፍለው ያለ ሽልማት ይመለሳሉ። አሸናፊው በአንጻሩ ከጠቅላላው ሽልማት 18 በመቶውን ይወስዳል፤ ሼፍለር ያገኘው 3.6 ሚሊዮንም ከ20 ሚሊዮን የተቆረጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ካርድ የሚሉት ነገር አለ። ካርድ በሚቀጥለው ዓመት ለመወዳደር የሚያስችል መብት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በደረጃ ሰንጠረዡ ከተቀመጠው መስመር በታች የዋለ ሰው ካርዱን ያጣና እንደ አዲስ ሰው ማጣሪያ ይገባል። ኳስ ተጫዋች ክለቡ ቢወርድ ሌላ ክለብ ይፈልጋል፤ ጎልፍ ተጫዋች ግን የሚወርደው ብቻውን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የእኛው ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያስበው ወደ ቱር ተጠግቷል። የቴሌቪዥን መብቱ ለዲኤስቲቪ ከተሸጠ በኋላ በየራስ ሜዳ መጫወት ቀረና ቡድኖቹ ሁሉ ተሰባስበው ከከተማ ከተማ መዞር ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ፤ ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ። ከከተሞቹ መካከል ደሴም ኮምቦልቻም አልነበሩበትም። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ የተጫወቱት ከዚያ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ነው። በዚህ አሠራር ለከተማ የሚያስፈልጋት ጠንካራ ቡድን ብቻ አይደለም፤ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ፣ ሆቴልና አውሮፕላን ማረፊያም ያሻታል። የጎልፍ ቱርም አስተናጋጁን የሚመርጠው በዚሁ ሚዛን ነው።

በአፍሪካ ሙሉ ዓመት የሚዘልቅ አንጋፋ የጎልፍ ቱር የት አለ ቢባል መልሱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ዛሬ ሰንሻይን ቱር የሚባለው ውድድር በመደበኛ ቱርነት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት አንዳንድ ውድድሮች በዕድሜ ከቱሩ በእጅጉ ይበልጣሉ። የደቡብ አፍሪካ ኦፕን ታሪኩ ከ1903 ይቆጠራል። ጋሪ ፕሌየር ብቻውን 13 ጊዜ አሸንፎታል።

የዚህ ቱር ዓመት ሁለት መልክ አለው። በእነሱ ክረምት፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ሽልማቱ በራንድ የሚከፈል ትንንሽ ውድድር ይበዛል፤ ተጫዋቹም ባብዛኛው የአገር ልጅ ነው። እኛ በጋ በምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወቅት ግን ፀሐዩ የእነሱ ነው። ያኔ ብርዱን የሸሹ አውሮፓውያን ይመጣሉ፣ ውድድሮቹም ከአውሮፓው ቱር ጋር በጋራ ይካሄዳሉ። የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አጥር ሥር በሚገኘው ሌፐርድ ክሪክ ብዙ ጊዜ የሚደረገው አልፍሬድ ደንሂል፣ ጆበርግ ኦፕን፣ የሰን ሲቲው ኔድባንክ ሁሉም በዚህ ወቅት የሚውሉ ናቸው። የአገሬው ተጫዋች ክረምቱን ሙሉ ነጥብ ሲለቅም የሚከርመው እነዚህ የበጋ ሳምንታት ላይ ቦታ ለማግኘት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከሰንጠረዡ አናት የተቀመጡ ጥቂቶች የአውሮፓውን ካርድ ያገኛሉ። ከዚህ ቤት ወጥተው ዓለምን ያንቀጠቀጡት ኤርኒ ኤልስ፣ ረቲፍ ጉሰን፣ ሉዊስ ኡስትሃይዘንና ቻርል ሽዋርትዘል ናቸው። ሽዋርትዘል እ.ኤ.አ. በ2011 ማስተርስን ያሸነፈው የመጨረሻዎቹን አራት ጉድጓዶች በሙሉ ከተቀመጠላቸው በአንድ ምት አሳንሶ በመጨረስ ነው።

ሰን ሲቲ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ገንዘብ በስፖርት ምን እንደሚሠራ እንዲህ ገሃድ የሚወጣበት ቦታ ብዙ የለም። መዝናኛ ከተማው የተሠራው የአፓርታይድ መንግሥት ነጻ አገር ናት ብሎ በሰየማት፣ ዓለም ግን ባላወቃት ቦፑትሃትስዋና ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ በማዕቀብ ስትገለል ዝነኛ ተጫዋች የሚመጣው ሌላ ቦታ የማያገኘው ብር ከቀረበለት ብቻ ነበር። ዛሬ ኔድባንክ የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር የተጋበዙት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጆኒ ሚለር ሰቬ ባለስቴሮስን በተጨማሪ ጉድጓዶች ረትቶ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ1987 ኢያን ዉዝነም በዚያው ሜዳ አንድ ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ በጎልፍ ታሪክ አንድ አሸናፊ ይህን ያህል ሲከፈለው የመጀመሪያው ነበር። ከ2022 ጀምሮ የሳውዲ ገንዘብ ያቆመው ሊቭ ጎልፍ ዓርብ ማታ የሚባረር ሳይኖር፣ ለፊርማ ብቻ ብዙ ሚሊዮን እየከፈለ ሲመጣ ብዙዎች አዲስ ነገር አደረጉት። ሰን ሲቲን ለሚያስታውስ ሰው ግን አዲስነቱ መጠኑ ላይ ነው። የሊቭን የመጀመሪያ ውድድር ለንደን አቅራቢያ ያሸነፈውም ያው ሽዋርትዘል ነው።

በዚሁ አገር የተጻፈ ሌላ ገጽ አለ። ሴውሱንከር ሴውጎለም፣ በቅጽል ስሙ ፓፕዋ፣ የደርባን የህንድ ተወላጅ ነበር። ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ጨዋታውን የለመደው የነጮችን ቦርሳ እየተሸከመ በካዲነት ነው፤ ዱላውን የሚይዘውም እጆቹን ከሁሉም ሰው በተቃራኒ አገላብጦ ነበር። የሆላንድ ኦፕንን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1963 የናታል ኦፕንን ሲያሸንፍ ሕጉ ወደ ክለቡ ቤት እንዲገባ አልፈቀደለትምና ነጮቹ ተጫዋቾች በጣሪያ ሥር ሆነው፣ እሱ ውጭ በዝናብ ዋንጫውን ተቀበለ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ አገሪቱን ከስፖርት ያገለለውን ዘመቻም አጋጋለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር ጋሪ ፕሌየርን ጭምር ረታ። ቆየት ብሎ በአገሩ ውድድሮች እንዳይገባ ታገደ።

የፓፕዋን ታሪክ ያነሳሁት ለማሳዘን ብቻ አይደለም። ድሃ የሆነ አፍሪካዊ ወደ ፕሮፌሽናል ጎልፍ የገባው በአብዛኛው በእሱ በር ነው፤ ቦርሳ እየተሸከመ፣ ባለቤቱ በጣለው አሮጌ ዱላ እየለመደ። ሜዳ ከሌለ ካዲ የለም፣ ካዲ ከሌለ ተጫዋች የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጎልፍ የውጭ አገር ሰውና የከበርቴ ጨዋታ ሆኖ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ 9 ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ፤ አጥሩ ግን የኤምባሲ አጥር ነው። ኳስን በቆልማማ ዱላ መምታት ለወሎ ልጅ ባዕድ አይደለም፤ የገና ጨዋታ አለና። ሆኖም ገና በቡድን ተከፍሎ የሚደረግ ፍልሚያ በመሆኑ ዘመዱ ሆኪ እንጂ ጎልፍ አይደለም።

አየሩ ቢሆን ለጎልፍ ይስማማል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ርቃ ትሄዳለች። 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጆሃንስበርግ ሲጫወት በባሕር ጠረፍ ካለችው ደርባን የመጣ ሰው የዱላ ምርጫውን መቀየር አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ደግሞ ከ25 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ወጥተው ሲደርሱባት፣ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ይህም እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 የዓለም ምርጦች ከተጫወቱበት የሜክሲኮ ሲቲ ሜዳ ይበልጣል።

የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከ50 እስከ 70 ሄክታር ይፈልጋል፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ የሚጠጣ ሣር የለበሰ። ጦሳ ተራራ ሥር በተጣበቀችው ደሴ ይህን ያህል ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ዘበት ነው። ኮምቦልቻ ለጥ ያለ መሬት አላት፤ ነገር ግን ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ራሱ የያዘው 75 ሄክታር ነው። አንድ የጎልፍ ሜዳ የፋብሪካ መንደር ያህል መሬት ይወስዳል ማለት ነው፤ የቦርከናን ወንዝ ውኃም ከገበሬው ጋር ይሻማል። ከንቲባ ብሆን እኔም አልፈቅድም።

እናም ከዚህ ተነስቶ የቱር ሳምንት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ቅርቡ ናይሮቢ ነው፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ። የኬንያ ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ ከ2019 ወዲህ በዋናው የአውሮፓ ቱር መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል፤ በሙታይጋና በካረን ሜዳዎች ይደረጋል። ባለስቴሮስ በ1978፣ ዉዝነም በ1986 አሸንፈውታል። በዚህ ውድድር ላይ በግብዣ የሚሰለፉ ኬንያውያን ፕሮፌሽናሎች አሉ፤ ከመካከላቸው በእነዚሁ ሜዳዎች ቦርሳ ሲሸከሙ ያደጉ ይገኙባቸዋል። ለእነሱ ዓርብ ማታን ማለፍ ብቻውን እንደ ዋንጫ ይቆጠራል።