ብርቅ የሶል ሸክላዎች ንግድና እውነተኛውን እትም ከሐሰተኛው የመለየት ዘዴ

ሶል እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን በ1960ዎቹ ዓመታት በሰባት ኢንች ሸክላ እየታተመ በአንድ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚሁ ሸክላዎች መካከል ያን ጊዜ ገዢ አጥተው በመጋዘን የቀሩት ዛሬ በብዙ መቶና በብዙ ሺሕ ፓውንድ ይሸጣሉ። አንድ ዕቃ እንዲህ ባለ ፍጥነት ዋጋው በወጣ ቁጥር አስመስሎ የሚሠራው ሰው መነሣቱ የማይቀር ስለሆነ፣ በዚህ ንግድ ውስጥ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ነገር መግዛትን ሳይሆን መመርመርን ነው።

ሸክላዎቹ ብርቅ የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዲትሮይት ከተማ በ1959 የተቋቋመው የሞታውን ኩባንያ እየገነነ በሄደበት ዘመን፣ በዚያችው ከተማ፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ ጥቂት ገንዘብ ያላቸው ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች ነበሩ። አንዱ ዘፈን በጥቂት መቶ ቅጂ ታትሞ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ይታደላል፤ ሬዲዮው ካላሰማው ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሰሜን እንግሊዝ የሚኖሩ ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ የሚያድሩባቸው አዳራሾች ተከፈቱ። በማንቸስተር የነበረው ትዊስትድ ዊል፣ በኋላም ከ1973 እስከ 1981 የሠራው ዊጋን ካሲኖ ዋነኞቹ ናቸው። አሜሪካውያን ሌላ ዐይነት ምት ሲከተሉ፣ እነዚህ ወጣቶች ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ የነበረውን ፈጣን ምት አንለቅም አሉ። ዴቭ ጎዲን የተባለው የሎንዶን ሸክላ ነጋዴ ከሰሜን ለሚመጡት ደንበኞቹ ምርጫ በ1968 «ኖርዘርን ሶል» የሚል ስም ያወጣለት ሲሆን፣ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀርቷል።

በአዳራሾቹ ሸክላ የሚያጫውቱት ሰዎች ሌላው የሌለውን ዘፈን ለማግኘት እርስ በርሳቸው ይሽቀዳደሙ ነበር። ያገኙትንም እንዳይነጠቁ በሸክላው መሐል ላይ ያለውን የስም ወረቀት በሌላ ወረቀት ሸፍነው፣ ለዘፋኙም የፈጠራ ስም ሰጥተው ያሰሙ ነበር። በዚህ አኳኋን ሺሕ ሰው የሚፈልገው፣ ነገር ግን አሥር ሰው እንኳ የማያገኘው ዕቃ ተፈጠረ። ያለ ፈቃድ የሚያትሙት ሰዎች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ፍራንክ ዊልሰን በ1965 የዘፈነው «ዱ አይ ላቭ ዩ» የተሰኘው ሸክላ ነው። የሞታውን ቅርንጫፍ በሆነው «ሶል» በተባለው ምልክት ታትሞ ሳለ፣ ባለቤቱ ከዘፋኝነት ይልቅ የሙዚቃ አዘጋጅነትን ስለመረጠ ሽያጩ ቀረ፤ የተረፉትም ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመታት ይኸው ዘፈን ኤዲ ፎስተር በሚል የሐሰት ስም ያለ ፈቃድ ታትሞ በእንግሊዝ ተሸጠ፤ በ1979 ደግሞ ታምላ ሞታውን በሕጋዊ መንገድ አወጣው። አንዱ እውነተኛ ቅጂ በ2009 በ25,742 ፓውንድ የተሸጠ ሲሆን፣ በ2020 አንድ ቅጂ በ100,000 ፓውንድ መሸጡ ተዘግቧል። እንግዲህ አንዱን ዘፈን በሦስት ዐይነት እትም ማግኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ጆሮ ብቻውን አይለያቸውም፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በዚህ ላይ ስሞቹን ማደባለቅ አይገባም። ባለመብቱ ራሱ ወይም ከእርሱ ፈቃድ ያገኘ ሰው በኋላ ዘመን የሚያሳትመው «ዳግመኛ እትም» ነውር የሌለበት ዕቃ ነው፤ ነውሩ እንደ መጀመሪያ እትም አድርጎ መሸጡ ላይ ነው። በሌላ ምልክት ወይም በሌላ ስም ያለ ፈቃድ የሚወጣው አንድ ዐይነት ሐሰተኛ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ቀለምና ቁጥር አስመስሎ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ነው። ነጋዴውን የሚያከስረው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ድምፁ በመጀመሪያ በቀለም በተለበጠ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይቀረጻል፤ ከዚያ ሰሌዳ የብረት ቅርጽ ይወሰዳል፤ ሸክላዎቹም የሚታተሙት በዚያ ቅርጽ ነው። ድምፁን የሚቀርጸው ሠራተኛ የሥራውን ቁጥር ዘፈኑ አልቆ መርፌው ወደ መሐል በሚሄድበት ባዶ ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ይህም ቁጥር በታተሙት ሸክላዎች ሁሉ ላይ ይወጣል። አስመሳዩ ግን ያንን ሰሌዳም ሆነ የብረት ቅርጹን አያገኝም። ስለዚህ ድምፁን አዲስ ሰሌዳ ላይ ማስቀረጽና ቁጥሩን በራሱ እጅ መልሶ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የስም ወረቀቱን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሲሆን፣ የሌላውን ሰው እጅ ጽሑፍ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ መድገም ግን አስቸጋሪ ነው። የአዋቂ ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ የሆነው ስለዚህ ነው።

በኒውዮርክ የነበረው ቤል ሳውንድ የተባለው ስቱዲዮ በቀረጻቸው ሥራዎች ላይ ስሙን በማኅተም ይመታ ነበር፤ «ናሽቪል ማትሪክስ» የሚል ማኅተም ያለባቸውም ብዙ ናቸው። የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ማተሚያ ቤት ደግሞ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ስሎ ከአጠገቡ ቁጥር ይጽፍ ነበር። በእውነተኛው ላይ እንዲህ ያለ ማኅተም እንደሚገኝ የታወቀለት ሸክላ ማኅተሙን አጥቶ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ ይዞ ቢቀርብ ብርቱ ጥርጣሬ ይገባል። ሆኖም የእጅ ጽሑፍ መሆኑ ብቻ የሐሰት ምስክር አይደለም፤ በእውነተኞቹ ላይም የእጅ ጽሑፍ ሞልቷልና። ቁም ነገሩ እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ ሌላ ቅጂ ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከሩ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ሸክላው የተሠራበት ነገር ነው። የአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች ግማሾቹ በቪኒል፣ ግማሾቹ በስታይሪን ይሠሩ ነበር። ቪኒል የሚታተመው በሁለት የስም ወረቀቶች መካከል ተጨፍልቆ ስለሆነ ወረቀቱ ከሸክላው ጋር ይዋሐዳል። ስታይሪን ግን ቀልጦ ወደ ቅርጹ ስለሚፈስ ወረቀቱ በኋላ በሙጫ ይለጠፋል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ሲላቀቅ ይታያል። ስታይሪን ግትር ነው፣ በጣት ጥፍር መታ ሲያደርጉትም ድምፁ ቀጠን ይላል፤ በመጥፎ መርፌም ቶሎ ያልቃል። በስታይሪን ብቻ እንደታተመ የሚታወቅ ሸክላ በቪኒል ቢመጣ ጉዳዩ አለቀ። ችግሩ አንዱን ዘፈን በምሥራቅ ያለው ማተሚያ ቤት በቪኒል፣ በምዕራብ ያለው በስታይሪን ያተመው ጊዜ መኖሩ ነው፤ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው።

የስም ወረቀቱም የሚናገረው አለ። ከሌላ ወረቀት ላይ በፎቶግራፍ የተገለበጠ ጽሑፍ ትንንሾቹ ፊደሎች ይወፍራሉ፣ ጠርዛቸውም ይደበዝዛል፤ ቀለሙም ከመጀመሪያው ይደምቃል ወይም ይደክማል። ድምፁ ከሸክላ ላይ የተቀዳ ከሆነ፣ ሸክላው ራሱ ምንም ጭረት ሳይኖርበት የአሮጌ ሸክላ ኳኳታ ይሰማበታል። በተቃራኒው የወረቀቱን መወየብና የሸክላውን ማርጀት እንደ ማስረጃ መቀበል ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር ነው። በ1970ዎቹ የታተሙት ሐሰተኞች እነርሱም ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ እርጅናቸው እውነተኛ ነው።

የታተመበትም አገር ዋጋን ይለውጣል። የአሜሪካ ሸክላ በመሐሉ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ቀዳዳ ሲኖረው፣ የእንግሊዙ አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው። ዳሬል ባንክስ በ1966 የዘፈነው ሸክላ በአሜሪካ ሬቪሎት፣ በእንግሊዝ ደግሞ ስቴትሳይድ በተባለው ምልክት ወጥቶ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን አስቀድሞ ሎንዶን በተባለው ምልክት ሊወጣ ታስቦ ስለቀረ፣ በዚያ ምልክት የታተመ አንድ የመደብር ቅጂ በ2014 በ14,543 ፓውንድ ተሸጧል።

ስለ ሕጉም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለድምፅ ቅጂ ጥበቃ መስጠት የጀመረው ከየካቲት 15 ቀን 1972 ወዲህ ለተቀረጹት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይተዳደሩ ነበር። በ2018 የወጣው ሕግ ግን የቀድሞዎቹንም በፌዴራል ጥበቃ ሥር አስገብቷል። በእንግሊዝ ደግሞ 50 ዓመት የነበረው የጥበቃ ዘመን በ2013 ወደ 70 ዓመት ተራዝሟል። ሐሰተኛ ሸክላ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ነጋዴ እንግዲህ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም በጉምሩክ ሊያጣ ይችላል። ከሐሰተኞቹ ሽያጭ ዘፋኞቹ አንዳች አለማግኘታቸውም የታወቀ ነው።

ከሩቅ አገር የሚገዛ ሰው ከዋጋ ክርክር በፊት የሁለቱንም ገጽ የስም ወረቀትና የባዶውን ቦታ ጽሑፍ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይጠይቅ። ሻጩ ፎቶግራፉን ለመስጠት ቢያመነታ ንግዱን መተው ይሻላል። በደረሰኙ ላይ «የመጀመሪያ እትም» የሚል ቃል ተጽፎ፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ቢገለጽ ክርክር ይቀራል። ቀደም ባሉት ጨረታዎች የተከፈለውንም ዋጋ ማመሳከር ይገባል፤ ከገበያው በብዙ የወረደ ዋጋ ስጦታ መስሎ ይታያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ነጋዴ ባዕድ አይደለም። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ በማምጣት አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ያወጣቸው ሸክላዎች፣ በተለይም ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ በፈረንሳይ መታተም ከጀመረ ወዲህ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ፈላጊ አግኝተዋል። በመርካቶም ሆነ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ሸክላ ያገኘ ሰው ለመጀመሪያው ጠያቂ በኪሎ ሒሳብ ከመስጠቱ በፊት፣ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ በስም ወረቀቱ ዙሪያ የተጫረውን ቁጥር ያንብብ፤ ወረቀቱን በውኃ አያጥብ፤ የካርቶን ልባሱንም አይጣል፤ ገዢው ለልባሱ ለብቻው ይከፍላልና።