የተጫረው ሲዲ፦ ከማጫወቻ ወደ ኮምፒውተር

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ደሴ ሸዋ በር የሚገኘው የአጎቴ ቤት እንደ ብዙ ቤት ተዘረፈ። ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ሲዲ ማጫወቻውም ከነስፒከሩ ሄደ። ሲዲዎቹን ግን የፈለጋቸው አልነበረም። አጎቴ ሲመለሱ ወለሉ ላይ ተበትነው፣ ተረግጠው አገኟቸው። አምባሰሉ፣ ባቲው፣ ትዝታው፣ መንዙማው፣ የሰርጋቸው ቀን የተቀረጸው ሳይቀር። ለቅመው ካርቶን ውስጥ ከተቷቸው፤ ካርቶኑም አልጋ ሥር ቆየ።

ዓምና ከኮምቦልቻ ልጠይቃቸው ስወጣ "ኢንጂነር ነኝ ትል የለ? እስቲ እነዚህን ኮምፒውተር ላይ አድርግልኝ" አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ ይዤ ሄድኩና እንደማንኛውም ፋይል ኮፒ አደረግኩ። አንድ ሙሉ አልበም በአንድ ሰከንድ አለቀ! ደስ ከማለቱ ይልቅ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። የሙዚቃ ሲዲ ዊንዶውስ ላይ ስትከፍቱ የሚታዩት፣ ስማቸው በ"ሲዲኤ" የሚያልቅ ፋይሎች እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ ናቸው። ዘፈን የለባቸውም፤ ዘፈኑ ዲስኩ ላይ ከየት እንደሚጀምር የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው። ዘፈኑን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው።

ሲዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ባቀረቡት አሠራር የድምፁ ሞገድ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለግራም ለቀኝም። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። ስታባዙት በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል። 44,100 ለምን ተመረጠ? የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል፤ አንድን ሞገድ በትክክል ለመያዝ ደግሞ ከድግግሞሹ እጥፍ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ስለዚህ "192,000 ካልሆነ አይጥምም" የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። እሱን ለስፒከር አውሉት።

አሁን ወደ ጭረቱ። ቁጥሮቹ ዲስኩ ላይ በተርታቸው አልተቀመጡም፤ ሆን ተብሎ ተበታትነዋል። አንድ ደብዳቤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ልትልኩ ነው እንበል። ቃላቱን እያፈራረቃችሁ ለአሥር መኪና አከፋፈላችሁ። አንዱ መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ቢበላሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጠፋባችሁም፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ነው የሚጎድለው። ሲዲ በዚህ ላይ ተጨማሪ የማረጋገጫ ቁጥሮች አሉት። የጎደለው ከነሱ ይሰላል፤ በግምት ሳይሆን በሒሳብ። በዚህ ዘዴ በዱካው ላይ እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝም ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይጠገናል።

ሲዲ ስትጠርጉ ከመሐል ወደ ዳር እንጂ ዙሪያውን አትሹት የሚባለውም ለዚህ ነው። ዱካውን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ብቻ ይነካል፤ ዱካውን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ከአንድ ቦታ ብዙ ይበላል። ደግሞ ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። በዚያ በኩል እኮ 1.2 ሚሊሜትር ፕላስቲክ መረጃውን ይሸፍነዋል። ጽሑፍ ባለበት ፊት በኩል ብርሃን የሚያንጸባርቀው ስስ ብረት ልክ ከቀለሙ ሥር ነው። እዚያ የተጫረ ሲዲ መዳኑ ያጠራጥራል።

ጉዳቱ ከዚህ ሲያልፍ ነው የማጫወቻና የኮምፒውተር ልዩነት የሚመጣው። ማጫወቻ ጊዜ የለውም። የሚቀጥለው ድምፅ አሁኑኑ መሰማት ስላለበት ያልተነበበውን ከጎንና ጎኑ አይቶ ይገምታል፤ ካልሆነለት ይዘላል። ኮምፒውተር አይቸኩልም። እንደ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ያለ ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ያነብና ንባቦቹ ሲስማሙ ይቀበላል። አንድ ባቲ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያደረ ሲዲ ነበር። አጎቴ በየመሐሉ "አብሽር፣ ይወጣል" ይሉኛል፤ እኔ እሳቸውን ማጽናናት ሲገባኝ።

ከ31 ሲዲ 26ቱ ያለ ስህተት ወጡ። ያስቸገሩት በአብዛኛው እቤት ወይም ሱቅ በርን የተደረጉት ናቸው። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ቅርጹ ፕላስቲኩ ላይ የተወቀረ ነው፤ በርን የተደረገው ግን በሌዘር የተለወጠ ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ ፀሐይና ሙቀት አይወድም። የሰርጉ ሲዲ ከነዚህ አንዱ ነው። አንድ ዘፈን መሐል ላይ ጥቂት ሰከንድ እስከ መጨረሻው አልተነበበም።

በነገራችን ላይ የተወሰኑት ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ፍላሽ ላይ ተገልብጠው ነበር፤ "አሁን ሲዲዎቹን መጣል ይችላሉ" ተብለውም ነበር። እንኳን አልጣሉ። ፍላሹ ላይ ያለው በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ነው፤ ከሲዲው መረጃ አንድ አሥራ አንደኛው። ኤምፒስሪ ጆሮ አይሰማውም ብሎ ያሰበውን ይጥላል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ጎበዝ ነው። የወሎ ጭብጨባ ላይ ግን ይጋለጣል። ድምፁን በጥቃቅን የጊዜ ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሚያጨምቅ፣ ድንገተኛ ጭብጨባ ሲመጣ ስህተቱ ቁራጩን በሙሉ ይሞላል፤ ከጭብጨባው ቀድሞ ሽ የሚል ጥላ ይሰማል። የጣለውንም በኋላ ፎርማት በመቀየር መመለስ አይቻልም።

እኔ ያወጣሁት በፍላክ ነው። ፍላክ እንደ ዚፕ ነው፤ መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል፣ ሲፈታ ግን እያንዳንዱ ቁጥር እንደነበረ ይመለሳል። 60 ደቂቃ ሙዚቃ በሲዲ ልኩ 635 ሜጋባይት ያህል ነው። በፍላክ 400 ቢይዝ እንኳ ሁሉም ሲዲዎች 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባሉ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ወደ ድምፅ መለወጥ ይቀራል። ላፕቶፑን ከአምፕሊፋየር ጋር ስናገናኝ "ህምምም" የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ ሲዲው ነው አሉ። ቻርጀሩን ነቀልኩት፤ ጠፋ። ጥፋቱ የሲዲውም የፋይሉም አልነበረም፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ግድግዳው ላይ ሲሰኩ በመሬት መስመራቸው በኩል የሚዞር ጅረት ነው። በባትሪ ማጫወት ያለ ወጪ ይፈታዋል። የላፕቶፑ የራሱ መለወጫ ከውስጥ ጫጫታ ካለው ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ይበቃል።

የሰርጉን ዘፈን ክፍተት በሌላ ድምፅ ልሙላው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ተወው፣ እንዳለ ይሁን" አሉ። ፋይሎቹ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ደሴ እሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ። ካርቶኑም አልጋ ሥር ነው።