የቡናዎ ከሰል ከየት መጣ?

ከሰል ሲነሣ ብዙዎቻችን «ደን አለቀ!» እንላለን። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለው ፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን ደን ያመጣው ከሰሉ ነው።

አርሶ አደሩ አሲዳማነት ምርት በነሣው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር ከጤፍ ጋር ይተክላል። መጀመሪያ ጤፉን፣ ቀጥሎ ሥሩ የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ጆንያው አዲስ አበባ ይገባል፤ መሬቱም እንደገና ይተከላል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚጨምር ቀጣዩ ሰብል ይጠቀማል።

ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ተስፋውን በአንድ ዛፍ ላይ ጣለ። እኔን «ስንት ችግኝ ተተከለ?» ከሚለው የዘመቻ ጥያቄ ይልቅ «ስንት ዓይነት?» የሚለው ያሳስበኛል። በቅርብ ዓመታት የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን ማድረቅ ሲጀምር የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ሳይቀር ተናግቷል።