ጂኦጀብራ፦ እየጎተቱ የሚማሩበት ሒሳብ

በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ግራፍ አይነቃነቅም። መምህሩ ከእኩልዮሹ አንዱ ቁጥር ቢቀየር ምን እንደሚከተል ለማሳየት ከፈለገ አጥፍቶ እንደገና መሳል፣ ወይም ከጎኑ ሌላ መጨመር አለበት። ሁለት ሦስት ግራፍ ሲስል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ተማሪውም የተለያዩ ሥዕሎች አየ እንጂ አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተለወጠ አላየም። ጂኦጀብራ የተሠራው ይህን ለውጥ በዓይን ለማሳየት ነው። በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት፣ በኮምፒውተርም በስልክም የሚሠራ፣ ለተማሪና ለመምህር ያለ ክፍያ የቀረበ የሒሳብ መሣሪያ ነው።

ሥራውን የጀመረው ኦስትሪያዊው ማርከስ ሆሄንዋርተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዛልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪው ማሟያ። ነጥብና መስመርን በማውስ መጎተት የሚያስችሉ የጂኦሜትሪ ፕሮግራሞች ከእሱ በፊትም ነበሩ። ፈረንሳዮች ካብሪን፣ አሜሪካኖች ጂኦሜተርስ ስኬችፓድን ሠርተው ነበር። የሆሄንዋርተር ሐሳብ ሥዕሉንና ቀመሩን በአንድ ገጽ ማጣመር ነው፤ ክቡን ስትጎትት እኩልዮሹ ይቀየራል፣ እኩልዮሹን ስታርም ክቡ ይንቀሳቀሳል። በ2002 ጂኦጀብራ የአውሮፓ የአካዳሚክ ሶፍትዌር ሽልማትን አገኘ፤ በኋላም በመላው ዓለም ያሉ መምህራን ያዘጋጇቸውን ትምህርቶች በድረ ገጹ ላይ ያካፍሉ ጀመር። በ2021 ባይጁስ የተባለ የህንድ የትምህርት ኩባንያ ገዝቶታል።

ጥቅሙ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ዋይ = ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + 3 ብለው ሲጽፉ ጂኦጀብራ ለቢ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ ያወጣል። መምህሩ ገና ሳይነካው ይጠይቅ፦ «ቢ ሲጨምር ፓራቦላው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?» ብዙዎች «ወደ ጎን» ይላሉ። ቢን ከዜሮ አንስቶ ሲጎትቱት ግን ፓራቦላው ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል። ቅርጹ አይለወጥም፤ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ምንጊዜም በ3 ላይ ያልፋል። የፓራቦላው ዝቅተኛ ነጥብ ዱካውን እንዲተው ቢታዘዝ ዱካው ራሱ ሌላ ፓራቦላ ይሆናል፤ አፉን ወደ ታች የደፋ፣ እኩልዮሹም ዋይ = 3 − ኤክስ²። አሁን ክፍሉ «ለምን?» የሚል ጥያቄ አለው። መልሱም በደብተር ይሠራል፦ ዝቅተኛው ነጥብ የሚገኘው ኤክስ = −ቢ/2 ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በቢ ፈንታ −2·ኤክስ ተክቶ ማቃለል ይበቃል።

ጂኦሜትሪ ላይ ደግሞ መጎተት ፈተና ይሆናል። ተማሪው አራት ነጥቦችን በዓይን ግምት አስቀምጦ ካሬ ቢስል ለጊዜው ያማረ ካሬ ይታያል። አንዱን ጫፍ ሲጎትቱት ግን ይጣመማል። ካሬውን በቀጤ ነክ መስመሮችና በክብ ደረጃ በደረጃ የገነባው ተማሪ ቅርጽ ቢጎተትም ቢዞርም ካሬነቱን አይለቅም። በወረቀት ላይ ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ካሬ ይመስላል፣ ሁለተኛው ግን ካሬ የሚያደርገውን ሁኔታ ይዟል። ይህን ልዩነት መምህሩ በቃል ከሚያስረዳው ይልቅ ተማሪው ጫፉን ሲጎትት ቶሎ ይገባዋል።

መሣሪያው የማይሠራው ሥራም አለ። ተማሪው ጎነ ሦስትን እየጎተተ የዘዌዎቹ ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን መቶ ጊዜ ቢያይ አየ እንጂ አላረጋገጠም። እንዲያውም ዘዌዎቹ 60.334፣ 60.334 እና 59.332 ቢሆኑ፣ በሁለት አሥርዮሽ ቤት ሲጠጋጉ 60.33፣ 60.33 እና 59.33 ተብለው ይታያሉ፤ ድምራቸው 179.99። ንቁ ተማሪ ይህን ሲያይ «ተሳስቷል» ይላል። ጎበዝ መምህር ይህን እንደ እንቅፋት አያየውም፤ ልኬት ለምን ማረጋገጫ እንደማይሆን የሚያስረዳበት አጋጣሚ ነው። ከዚያ በአንዱ ጫፍ በኩል ከተቃራኒው ጎን ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አስምሮ ወደ እውነተኛው ማረጋገጫ ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያውቁትን ፕላዝማ ማስታወስ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በየክፍሉ ሲገባ ትምህርቱ በቴሌቪዥኑ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም አይቆምለትም፣ መምህሩም አቁሞ ሊጠይቅ አይችልም። ጂኦጀብራ ግን በራሱ ምንም አያስተምርም። ሰው ካልነካው ዝም ይላል። ስለዚህ የመምህሩን ቦታ አይወስድም፤ ጥያቄ የሌለው መምህር ግን ከእሱ የሚያገኘው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ብቻ ነው።

ለመጀመር ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይበቃል፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢም አስቀድሞ የወረደው ፕሮግራም ያለ መስመር ይሠራል። ግራፍ ብቻ ለሚፈልግ ዴስሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሣሪያ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ይህ ካልኩሌተር ዛሬ በዲጂታሉ የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በኤስኤቲ፣ ውስጥ ተገጥሟል፤ አሜሪካ ልጅ የሚያስተምር ወላጅም ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

አዲስ የሚጀምር መምህር ዓመቱን ሙሉ በስክሪን ለማስተማር አያቅድ። ሰሌዳ ላይ ለማሳየት የሚያስቸግረውን አንድ ርዕስ ይምረጥ፤ ተማሪዎቹ ግምታቸውን በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያ ይጎተት፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ይጥፋና ያዩት ነገር ለምን እውነት እንደሆነ በእርሳስ ይሥሩት።